አባቴ ማጠናከሪያ የወሰዱ ቀን

መምህርት ስለሆንኩ ማንኛውንም ነገር ከቃሉ ትርጉም መጀመር ይቀናኛል። ይህንንም ከአንድ ቃል ልጀምረው። «ማጠናከሪያ» በእኛ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ ትምህርት ነው። በሳምንቱ የተማረው ያልገባው ወይም ጨርሶ ያመለጠው ተማሪ ቅዳሜ መጥቶ ይደግማል። በጤና ጣቢያ ደግሞ ማጠናከሪያ ሌላ ነው፤ የኮሮና ክትባት ወስዶ ለቆየ ሰው የሚጨመርለት መርፌ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለማስረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል ብዬ አስብ ነበር። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ባለ ቀለም ጠመኔ በራሴ ገንዘብ እየገዛሁ የልብን ክፍሎች በቀይና በሰማያዊ የምስል፣ ጠያቂ ሲጠፋ ራሴ ጠይቄ ራሴ የምመልስ ዓይነት ነበርኩ። ላየኝ ሰው ደህና ነበርኩ። ከውስጥ ግን ጥርሱን ሊነቀል ድዱን እንደተወጋ ሰው ሆኜ ነበር፤ ከንፈሬን ብነክሰው እንኳ የነከስኩት የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን በጦርነቱ ሞቷል። አስከሬኑ አልመጣም። እብናት ባለው የአባቴ ቤት ማለዳ መርዶ ተነገረን፤ ድንኳን ተተከለ፤ ፎቶው መሐል ተቀምጦ ተለቀሰለት። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አባቴና እኔ ግን አላለቀስንም። «ድንጋጤ ነው፤ እንባው በኋላ ይመጣል» አሉን ትልልቆቹ። አልመጣም። እኔ ወደ ሥራዬ፣ አባቴም ወደ ገበያቸው ተመለስን።

አዲሱ የኮሮና ማዕበል የደረሰው ይህ በሆነ ሰሞን ነው። ክፍል ውስጥ ሳል በዛ። በመምህራን ማረፊያ አንዱ ባልደረባችን ሻዩን እያማሰለ፣ ጥይት ያልገደለንን ጉንፋን አይገድለንም አለ፤ ሳቅን። ነገሩ እውነት መስሎን አልነበረም። ለመፍራት የሚሆን ጉልበት ስለጨረስን ነው። እኔ ማጠናከሪያዬን ወስጄ፣ ማስኬን አድርጌ፣ የክፍሌን መስኮቶች ከፍቼ አስተምር ነበር። ይህን የማደርገውም ሰሌዳ እንደማጥፋት ሥርዓት ስለሆነ እንጂ ፈርቼ አልነበረም።

አባቴ አቶ አለሙ እብናት ገበያ ላይ እህል ነጋዴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የጤፍና የማሽላ ብናኝ ሲስቡ ኖረው አስም ይዟቸዋል፤ ስኳርም አለባቸው። እንዲህ ላለ ሰው ይህ በሽታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ዘመድ አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ያለ ብዙ ክርክር ወስደዋል። ማጠናከሪያውን ግን እምቢ አሉ።

አንድ አርብ ለስኳራቸው ክትትል ደብረ ታቦር መጥተው እኔ ዘንድ አደሩ። እራት ላይ ጉዳዩን አነሳሁት።

«ማጠናከሪያ ለወደቀ ተማሪ ነው ብለሽኝ የለም ወይ?» አሉኝ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ እኔ የፊተኞቹን መች ወደቅሁ?»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውነት እንደ ተማሪ መሆኑን፣ ክትባቱ በሽታውን አስቀድሞ እንደሚያስተዋውቀው፣ ነገር ግን ጊዜ ሲያልፍ ትምህርቱ እንደሚደበዝዝበት፣ ማጠናከሪያው የሚሰጠው እንዳይረሳ መሆኑን ነገርኳቸው። አባቴ ሲያዳምጡ የሚያዩት የተናጋሪውን እጅ ነው፤ እህል ሲሰፈር እንደሚያዩት። ስጨርስ ጉርሻቸውን ዋጥ አደረጉና፣

«የሚያስረሳ መርፌ የመጣ ዕለት ጥሪኝ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» አሉ።

ሁለታችንም ወደ ትሪው አቀረቀርን። የሙሉቀንን ስም የጠራ የለም።

ትሪውን ሳላነሳ ስልካቸው ጮኸ። ከእብናት ነበር። የአቶ ይማም ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ በዚያው ዕለት አርፈው፣ እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት በዚያው ዕለት ተቀብረዋል። ይማም ከአባቴ መደብር ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። ምን አግኝቷቸው ነው ብለው አባቴ ጠየቁ። ጉንፋን ነበር፣ ኋላ ትንፋሽ አጠራቸው ተባሉ። ደዋዩ፣ ቤተሰቡም በሙሉ እያሳለ ነው ብሎ እንደ ዋዛ ጨመረ።

አባቴ ስልኩን ዘጉ። «ማለዳ እሄዳለሁ» አሉ።

ሀገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ለምን ይቅሩ እንዳላልኳቸው ላስረዳ። ለቅሶ ብድር ነው። የሙሉቀን መርዶ በተነገረ ጠዋት መጀመሪያ ከደጃችን የደረሱት ይማም ነበሩ። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከአባቴ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሌላው ሰው ሁሉ አባቴን «አልቅስ፣ ይውጣልህ» እያለ ሲወተውታቸው ይማም አንድም ጊዜ አልቅስ አላሏቸውም። ዝም ብለው አብረዋቸው ዝም አሉ። እንዲህ ላለ ሰው የማይደረስ ለቅሶ የለም።

ስለዚህ መቅረታቸውን ሳይሆን አካሄዳቸውን ለመንኩ። መርፌውን እንዲወስዱ፣ ማስክ እንዲያደርጉ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት እንዳይገቡ። መርፌውን ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እሺ አሉ። ማስኩን ግን፦

«እህል ሲበጠር ነጠላዎን አፍንጫዎ ላይ ይጠመጥሙ የለም?» አልኳቸው።

«እጠመጥማለሁ። ይማም ብናኝ ነው?»

«ለቅሶ የሚደረሰው በፊት ነው» አሉኝ፤ «ፊቴን ሸፍኜ ብሄድ ደረሰልኝ አይለኝም።» በመጨረሻ ተስማማን፤ ጠዋት እኔ ሳስተምር እሳቸው ማጠናከሪያቸውን ወስደው ይጠብቁኛል፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን። የማስኩ ነገር ለመንገድ ተቀጠረ።

በማግስቱ ስለ ዘር ውርስ ነበር የማስተምረው። ቅዳሜ የሚመጡት ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በጦርነቱ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ናቸው፤ ጢም ያበቀሉም አሉባቸው። ሰሌዳው ላይ የአባትና የእናትን ባሕርይ በሁለት ቀለም ከፋፍዬ ስዞር ተማሪው በሙሉ ወደ ኋላ ዞሮ አየሁት። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። የግራ እጅጌያቸው እስከ ትከሻ ተጠቅልሏል።

አባቴ ነበሩ። መርፌያቸውን እየጠበቁ ነው።

ምን እንደምል ስፈልግ፣ ደሴ የሚባለው ቀልደኛው ተማሪዬ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ምሳሌው መጥቶልናል። ማስኩ አፍንጫዎን ቢሸፍነውም ግንባሩ አንድ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አባቴም ግንባራቸውን ዳሰስ አደረጉ። ሥርዓት የማላውቅ እንዳልመስል ትምህርቱን ቀጠልኩ፤ እሳቸውም እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ደወል ሲደወል ሮጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከትምህርት ቤቱ ብዙ የማይርቀውን ጤና ጣቢያ ሲፈልጉ፣ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ያላትን ሀናን «ማጠናከሪያ የት ነው?» ብለው ጠይቀዋታል። ሀና ከአረብ አገር ተመልሳ ሱቅ የከፈተች ልጅ ናት። ለልጅ ልጃቸው የሚጠይቁ መስሏት በጣቷ ክፍሌን አሳይታቸዋለች።

«መርፌ እንዳልሆነ ሲያዩ ለምን አልወጡም ታዲያ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ተራ የምጠብቅ መስሎኝ። ኋላ ደግሞ…» እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡት። «ስትናገሪ አይቼሽ አላውቅም። ትንፋሽ አትወስጅም እንዴ?»

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ሌላ ነገር ጠበቀን። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ብልቃጡ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በዚያው ዕለት ማለቅ እንዳለበት፣ ካላለቀ እንደሚደፋ፣ ለአንድ ሰው ብላ መክፈት እንደማትችል በትሕትና ነገረችን። ሰው ከሞላ ትከፍታለች፤ ካልሆነ ሰኞ። ቅዳሜ ደግሞ የምትሠራው እስከ ምሳ ነው።

«እንደ ሚኒባስ ናታ» አሉ አባቴ፤ «ካልሞላች አትነሳም።»

«ልክ ነዎት አባባ» አለች ሲስተር።

አባቴ ሰኞን አልጠብቅም፣ እሄዳለሁ አሉ፤ ከጤና ጣቢያው በር ሳይወጡ ክንዳቸውን ይዤ አቆምኳቸው። ያኔ ደሴና ጓደኞቹ መንገድ ላይ ሲያልፉ አየሁ። ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ ማንም እንደማይገደድ፣ ክትባቱ ምን እንደሚጠቅም፣ ምን ያህል እንደሚያም። አብዛኞቹ አንድም ጊዜ አልተከተቡም ነበር።

«ነጥብ አለው?» አለ ደሴ።

«የለውም።»

ወደ አባቴ አየ። «በሉ እንግባ፤ ክፍላችን ድረስ መጥተው ሰምተውናል» አለ ለጓደኞቹ። አንዱ መርፌውን ሲያይ ሹልክ ብሎ ወጣ። ሌሎቹ ቆዩ። እንደገና ሰው ጎደለ። ደሴ ሮጦ ሀናን ጠርቶ መጣ። ሀና ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ የላክኋቸው እኔ ነኝ፣ እኔ ልሙላላቸው እያለች እየሳቀች ገባች። አረብ አገር ሳለች አሠሪዎቿ ያለ ክትባት ከበር አያስወጧትም እንደነበር፣ ማጠናከሪያውን ግን ሳትወስድ እንደተመለሰች ነገረችን። ሲስተርም ብልቃጡን ከፈተች።

አባቴ ቀድመው ተወጉ። ፊታቸው አልተለወጠም። «አመመዎት?» አልኳቸው። «አልተሰማኝም» አሉ። ከዚያ ጥጡን ክንዳቸው ላይ ይዘው ጠየቁኝ።

«አሁን ይማምን ማቀፍ እችላለሁ?»

ከመጣን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። መልሱን መደበቅ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መምህርት ነኝ። ሰውነት ትምህርቱን እስኪይዝ ሳምንታት እንደሚያስፈልጉት፣ ዛሬ የተወጉት ዛሬ እንደማያገለግል ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን አስወጋሽኝ?»

«ለሚቀጥለው ለቅሶ» አልኳቸው።

ጥጡን አንስተው አዩት።

በሚኒባስ ወደ ወረታ ወረድን። ሰው እንደ ምስር ታጭቆ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። በእኛ ሀገር መኪና ውስጥ ከበሽታ ሁሉ የሚፈራው ንፋስ ነው። መስኮት ክፈቱ ብዬ ስለ አየር ዝውውር ማስረዳት ስጀምር ከኋላ አንዲት ሴት ብርድ ልታስመታን ነው ወይ አሉ፤ ሌላው ደግሞ ልጅቱ ዶክተር ናት መሰለኝ አለ። ረዳቱም ዝም እንድል ለመነኝ። አባቴ ጥቂት ታገሡና ሆዳቸውን ያዝ አድርገው «ሊያስመልሰኝ ነው» አሉ። በአንድ ጊዜ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። ይፋግን እስክናልፍ ድረስ ማንም ሊዘጋ አልደፈረም። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ «እንዲህ ነው የሚብራራው» አሉኝ።

አዲስ ዘመን ላይ መኪና ቀየርን። አባቴ ተራራው ላይ ወዳለው ጣራ ገዳም ዞረው አማተቡ። ከዚያ እስከ እብናት ድረስ ስለ ማስክም ስለ ሌላም አላወራንም። እርሻው፣ ክምሩ፣ የተቃጠለው መኪና በመስኮት አለፈ፤ ሁሉንም አየሁት፤ ምንም አላለኝም።

ከይማም ቤት መግቢያ ላይ አባቴ ቆሙ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አምጭው።»

ማስኩን ሰጠኋቸው። ገልብጠው አደረጉት፤ ሰማያዊው ወደ ውጭ እንደሆነ ነግሬ አስተካከልኩላቸው። እኔም የራሴን አጠበቅሁ።

ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። ሳል ይሰማል። ይማም መሐል ነበሩ። ከሳ ብለዋል። አባቴ ከግቢው በር አላለፉም። ሰው ቦታ ሊለቅላቸው ተጠጋጋ፤ እሳቸው ግን በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ከድንኳኑ ጠርዝ የተቀመጠ አንድ ሰው «አለሙ ደግሞ ፈረንጅ ሆኖ መጣ» ሲል ሰማሁት። ጆሮዬ ጋለ። አባቴ የፈሩት ይህንኑ ነበር፤ ያመጣሁባቸውም እኔ ነኝ።

ይማም ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መጡ። አባቴ መዳፋቸውን አነሡ።

«እዚያው ሁን ይማም።»

ይማም ቆሙ።

«ደረቴን ታውቀዋለህ» አሉ አባቴ። «ያልቀረብሁህ ጠልቼህ አይደለም። እዚሁ ቆሜ ላለቅስልህ ነው የመጣሁ።»

ይማም አባቴን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ፣ ሐዘን ላይ ባለ ሰው ድምፅ ሳይሆን ገበያ ላይ በሚቀልዱበት ድምፅ፦

«አንተ ደግሞ እንባ አለህና?» አሏቸው።

ማንም አልሳቀም። ይማም ወደ ድንኳኑ ዞር አሉና፣ ይህን ሰውዬ እህል ሲበጠር ፊቱን ሳይጠመጥም አይቼው አላውቅም፣ ተውት አሉ። ከዚያ ከአንገታቸው ፎጣቸውን አውጥተው፣ አባቴ ገበያ ላይ እንደሚያደርጉት አድርገው አፍና አፍንጫቸው ላይ ጠመጠሙት። ከበሩ ወዲያ ቆሙ። አባቴ ከበሩ ወዲህ። በመሐላቸው ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ነበር።

«አላህ ያጽናህ» አሉ አባቴ። «ዘይነባ… ዘይነባ እኮ ለሙሉቀን…»

የልጃቸውን ስም ከመርዶው ወዲህ ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ዘይነባ ለሙሉቀን ምን እንዳደረጉለት እስከ ዛሬ አላውቅም። የአባቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም። ከማስኩ በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ እንባው እየወረደ ማስኩ ውስጥ ይገባል፤ ሰማያዊው እየጠቆረ ወደ ታች ይሰፋል። ይማምም እንዲሁ። ቀድሞ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዝም እንዳሉላቸው አሁን ቆመው ዝም አሉ፤ ብቻ በዚህኛው ዝምታ ሁለቱም አለቀሱ።

እኔ ምን እያሰብኩ እንደነበር ልንገራችሁ። ማስክ ከራሰ አይከላከልም፤ ወዲያው መለወጥ አለበት። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምናገረው ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ደረቅ ማስክ ነበር። አወጣሁት፤ በእጄ ያዝኩት፤ አልሰጠኋቸውም። የሚያውቁትን ሳይናገሩ መቆየት ለካ ይቻላል። ሲጨርሱ፣ በራሳቸው ጊዜ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉልኝ።

ማክሰኞ ስደውልላቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ክንዳቸው ነበር። ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሲጠዘጥዛቸው ሰንብቷል፤ ትንሽ ትኩሳትም ነበራቸው፤ በደወልኩበት ዕለት ግን ሱቅ ከፍተው ነበር። ይማም ከመንገዱ ማዶ ሆነው እንዴት አደርህ ብለዋቸዋል። «አሁን ተሰማኝ» አሉኝ ስለ ክንዳቸው። እኔም ሰውነትዎ እየተማረ ነው ማለት ነው አልኳቸው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አዲስ ማዕበል በመጣ ቁጥር ልወጋ አልወጋ፣ ልሂድ ልቅር እያላችሁ ታወጡ ታወርዱ ይሆናል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ከመርፌው አልጀምርም። መጀመሪያ «ማንን ማቀፍ ፈልገህ ነው?» እለዋለሁ። እሱን ከነገረኝ በኋላ የቀረውን ማስረዳት ቀላል ነው። ለቅሶ በር ላይ ቆሞም እንደሚደረስ አባቴና ይማም አሳይተውኛል።

የተለወጠው ይህ ነው። ያልተለወጠውንም ልጨምር። እኔ ማጠናከሪያዬን በወሰድኩ ጊዜ ክንዴን አላመመኝም ነበር። ሳያምም ክትባቱ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም በግልጽ አስረዳለሁ። ቢሆንም የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ ቀድሜ እሰለፋለሁ፤ ከተወጋሁም በኋላ ማታ ክንዴን ጫን ጫን እያደረግሁ፣ ይሰማኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ።